ነጻ ኢሜይል ወይስ የሚከፈልበት? ቦታንና ምስጢርን ለይቶ ለመምረጥ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የኢሜይል አገልግሎት ለመምረጥ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ነጻው ይበቃኛል ወይስ ልክፈል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ስለሚጨፈልቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛው ጉዳይ ቦታ ነው፤ ማለትም ደብዳቤዎችና አባሪ ፋይሎች የሚቀመጡበት መጠን። ሁለተኛው ምስጢር ነው፤ ማለትም ደብዳቤውን ከእርስዎና ከተቀባዩ ሌላ ማን ሊያነበው እንደሚችል። ለአንዱ የተከፈለ ገንዘብ ሌላውን አይገዛም። ለጉግል በየወሩ እየከፈለ 100 ጊጋባይት ያገኘ ሰው ሰፊ ቦታ ገዛ እንጂ ደብዳቤዎቹ ከበፊቱ የበለጠ ምስጢራዊ አልሆኑለትም። በአንጻሩ የፕሮቶን ሜይልን ነጻ ሳጥን የሚጠቀም ሰው አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ጠንካራ ምስጠራ (ቁልፉ የሌለው ሰው እንዳያነበው ጽሑፉን መቆለፍ) ያገኛል፣ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁለቱን ጉዳዮች ለየብቻ እየመረመሩ ውሳኔ ላይ ለመድረስ የሚረዱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም በዶላርና በዩሮ የሚታወቁት መነሻ ዋጋዎች ሲሆኑ ከአገር አገር ይለያያሉ።

አንደኛ እርምጃ፦ ሳጥኑ በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ

ስለ ክፍያ ከማሰብ በፊት አሁን የሚጠቀሙበት ኢሜይል በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ኢሜይሉን ያገኘው ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ወይም ስልክ በገዛበት ሱቅ ነው። ስልኩን ያስተካከለው ልጅ አካውንቱን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ይመርጣል፣ አንዳንዴም ማረጋገጫው ቶሎ እንዲመጣ የራሱን ስልክ ቁጥር ያስገባል። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ስልክ ሲቀይር «ወደ ቁጥርዎ ኮድ ልከናል» የሚል መልእክት ይመጣለታል፤ ኮዱ የሚደርሰው ግን ለማያውቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሳጥን ላይ ገንዘብ መክፈል፣ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ነው።

ስለዚህ የአካውንቱን ቅንብር ይክፈቱና የደህንነት ገጹን ይመልከቱ። እዚያ የተመዘገበው የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥር ዛሬ በእጅዎ ያለ ሲም ካርድ መሆን አለበት። የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉም እርስዎ የሚከፍቱት መሆን ይኖርበታል። በዚያው ገጽ አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ይታያል፤ የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ያስወጡትና ወዲያውኑ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በኩዌት የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ኮንትራት ሲያልቅ የሲም ካርዱ ቁጥር ይዘጋል፤ የተዘጋ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ወደ አገር ቤት ከመመለስ በፊት ቁጥሩን ከአካውንቱ ላይ መቀየር፣ ከተቻለም አገልግሎቱ የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት ጽፎ ከፓስፖርት ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ በወረቀት ላይ አንድ ዝርዝር ይሥሩ፤ ይህ ኢሜይል የሚከፍታቸው በሮች የትኞቹ ናቸው? የባንክ ሒሳብ፣ የፌስቡክና የቴሌግራም አካውንት፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፣ የዲቪ ወይም የሌላ ቪዛ ጉዳይ፣ የሥራ ውል፣ የሐኪም ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ዝርዝር በኋላ ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ አንዴ ምን ያህል ምስጢር እንደሚፈልጉ ለመወሰን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ አዲስ ሳጥን ለመዛወር።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ቦታውን ምን እንደሞላው ይለዩ

ጂሜይል በ2004 ሚያዝያ ወር ሲጀመር 1 ጊጋባይት በነጻ ሰጠ። ያን ጊዜ ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋባይት፣ ያሁ ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ብዙዎች ዜናውን የአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ መስሏቸው ነበር። «ኢሜይል አይሞላም፣ ደብዳቤም አይሰረዝም» የሚለው ልማድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ግን ሳጥኑ ይሞላል፤ የሚሞላውም በአብዛኛው በደብዳቤ አይደለም።

የጉግል ነጻ ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ጂሜይል፣ ጉግል ድራይቭና ጉግል ፎቶዎች ይጋሩታል። እስከ 2021 ሰኔ 1 ቀን ድረስ መጠናቸው ተቀንሶ የሚቀመጡ ፎቶዎች ከዚህ ቦታ ላይ አይቆጠሩም ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተጫኑት ግን ይቆጠራሉ። በአንድሮይድ ስልክ የሚቀመጠው የዋትስአፕ ባክአፕም ቀድሞ ከሒሳብ ውጭ ነበር፤ አሁን ከ15 ጊጋባይቱ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ «ኢሜይሌ ሞላ» የሚል ሰው ሳጥኑን ሲያስፈትሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዋትስአፕ ቡድን የተላከ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ነው። ቦታው ከሞላ በኋላ ጂሜይል መላክም መቀበልም ያቆማል። ደብዳቤ የላከልዎት ሰው «አልደረሰም» የሚል መልስ ያገኛል፤ እርስዎ ግን ምን እንደቀረብዎት አያውቁም። የሥራ ቅጥር ወይም የኤምባሲ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ይህን ጉዳይ እንዲያቃልለው አልመክርም።

ለማጽዳት በጉግል አካውንት ውስጥ ያለውን የማከማቻ ገጽ ይክፈቱ፤ ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶዎች እያንዳንዳቸው የያዙት መጠን ለየብቻ ይታያል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ጂሜይል ከሆነ በኮምፒውተር ይግቡና በመፈለጊያው ሳጥን ቀኝ ጫፍ ያለውን የማጣሪያ ምልክት ይጫኑ። በሚከፈተው ቅጽ ላይ መጠኑ ከ10 ሜጋባይት የሚበልጥ ብለው ይፈልጉ። ከሚመጡት መካከል የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ፍላሽ ያውርዱ፣ ከዚያ ደብዳቤዎቹን ይሰርዙ። የተሰረዘ ደብዳቤ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆይና እስከዚያው ቦታ ስለሚይዝ መጣያውንም ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ትልቁ ድርሻ የዋትስአፕ ባክአፕ ከሆነ በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ የውይይት ባክአፕን ይክፈቱና ቪዲዮ እንዳይጨመር ያድርጉ። ጉግል ፎቶዎች ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ስልኩ ከአካውንቱ ጋር ከተናበበ እዚያ የሚሰርዙት ፎቶ ከስልክዎም ይጠፋል።

ከጽዳቱ በኋላ የሚያስፈልግዎትን መጠን በግምት ማስላት ይቻላል። አባሪ የሌለው አንድ ደብዳቤ በአማካይ 50 ኪሎባይት ነው ብንል 1 ጊጋባይት ውስጥ 20 ሺህ ያህል ደብዳቤ ይገባል። ፎቶ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢሜይል አባሪ ፋይልን የሚልከው ወደ ፊደላትና ቁጥሮች ለውጦ ስለሆነ ፋይሉ በመንገድ ላይ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል፤ በስልክ የተነሳ 4 ሜጋባይት የፓስፖርት ፎቶ በሳጥኑ ውስጥ 5.4 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት 1 ጊጋባይት የሚይዘው 190 ገደማ ፎቶ ብቻ ነው። ጂሜይል 25 ሜጋባይት የሚለው የአባሪ ወሰን በተግባር ሲሞከር ከዚያ ባነሰ ፋይል ላይ እምቢ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በዋናነት ጽሑፍ የሚጻጻፍ ሰው በ1 ጊጋባይት ለዓመታት ይኖራል፤ የሕንጻ ንድፍ፣ ካርታ ወይም ቪዲዮ የሚላላክ ባለሙያ ግን 15 ጊጋባይቱን በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል።

ካጸዱ በኋላ ገና ከግማሽ በታች ከሆኑ ለቦታ ብለው አይክፈሉ። አሁንም ከ12 ጊጋባይት በላይ ከሆነና ፋይሎቹ የግድ በመስመር ላይ መቀመጥ ካለባቸው መክፈል ምክንያታዊ ይሆናል፤ ጉግል ዋን የተባለው የጉግል የሚከፈልበት ማከማቻ ለ100 ጊጋባይት በአሜሪካ በወር 1.99 ዶላር ነው፣ ማይክሮሶፍትም ለተመሳሳይ መጠን ተቀራራቢ ዋጋ ይጠይቃል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ምስጢሩን ከማን ነው የሚጠብቁት?

አብዛኛው ግራ መጋባት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ ማየት ይጠቅማል። «ግላዊነት እፈልጋለሁ» ማለት ብቻውን የትኛውንም አገልግሎት ለመምረጥ አያስችልም፤ ከማስታወቂያ ድርጅት፣ ከሌባ፣ አብሮ ከሚኖር ሰው፣ ወይስ በሕግ ሥልጣን ካለው አካል?

ከሌባና አብሮ ከሚኖር ሰው የሚጠብቀው የይለፍ ቃል፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) እና የስልክ ቁልፍ ነው። በዚህ ረገድ ነጻው ጂሜይልና ነጻው የማይክሮሶፍት አውትሉክ ከሚከፈልባቸው አያንሱም፤ ሁለቱም በማረጋገጫ መተግበሪያ ወይም በፓስኪ (በይለፍ ቃል ፋንታ በስልኩ ቁልፍ ወይም በጣት አሻራ) መግባትን ይፈቅዳሉ። በቤት ውስጥ ወይም በአሠሪ ቤት ስልኩ በሌላ እጅ የሚገባበት ሰው ወርኃዊ ክፍያ ምንም አይረዳውም፤ የሚረዳው የስልኩን ቁልፍ መቀየርና የተከፈቱ መሣሪያዎችን ማስወጣት ነው። የአገልግሎት ሰጪው የራሱ ደህንነት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በ2013 ያሁ ላይ በደረሰው ጥቃት 3 ቢሊዮን አካውንቶች፣ ማለትም በወቅቱ የነበሩት ሁሉ ተጠቅተዋል፤ ሙሉው ስፋት የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በዚያ ዘመን የከፈቱት የያሁ ሳጥን ካለዎትና የይለፍ ቃሉን ከዚያ ወዲህ ካልቀየሩ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ማስታወቂያን በሚመለከት፣ ጂሜይል ለብዙ ዓመታት የደብዳቤዎችን ይዘት በኮምፒውተር እየቃኘ ለማስታወቂያ ይጠቀምበት ነበር፤ በ2017 ይህን እንደሚያቆም አስታውቋል። ነጻው ሳጥን ማስታወቂያ ማሳየቱን አላቆመም፤ አይፈለጌ መልእክትን ለመለየትና መልስ ለመጠቆም የሚደረገው አውቶማቲክ ቅኝትም ይቀጥላል፤ የኋለኛውን ከቅንብር ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ተመልካች ደግሞ ላኪው ራሱ ነው። የንግድ ደብዳቤዎች በዓይን የማትታይ ትንሽ ምስል ይይዛሉ፤ ደብዳቤው ሲከፈት ምስሏ ከላኪው ኮምፒውተር ትጠራለች፣ በዚህም መቼ እንደተከፈተ ይታወቃል። በጂሜይል ቅንብር ውስጥ የውጭ ምስሎች ከመታየታቸው በፊት እንዲጠየቁ የሚያደርገውን ምርጫ ካበሩ ይህ ይቆማል፤ በዚያውም የሞባይል ዳታ ይቆጥባሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ደብዳቤዬን ማንበብ ይችላል? ጂሜይል፣ አውትሉክና ያሁ ደብዳቤው ከእርስዎ ወደ እነርሱ ሲሄድ በመንገድ ላይ ይመሰጥሩታል፣ በማከማቻቸውም ውስጥ ተመስጥሮ ይቀመጣል፤ ነገር ግን መፍቻው ቁልፍ በእነርሱ እጅ ነው። ስለዚህ በሚመለከታቸው አገር ፍርድ ቤት ሲታዘዙ ይዘቱን ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ በክፍያም አይለወጥም፤ የሚከፈልበት ጉግል ዋንም ሆነ በጥራቱ የተመሰገነው የአውስትራሊያው ፋስትሜይል የግል ሰዎችን ሳጥን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም መፍቻው በላኪውና በተቀባዩ እጅ ብቻ እንዲሆን አድርገው፣ አይመሰጥሩም። ፋስትሜይል ነጻ እቅድ የለውም፣ ማስታወቂያም አያሳይም፤ ስለዚህ ከማስታወቂያ ነጻ መሆንና ከአገልግሎት ሰጪው ዓይን መሰወር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በደንብ ያሳያል።

ቁልፉን ለተጠቃሚው የሚሰጡት ፕሮቶን ሜይልና ቱታ ናቸው። ፕሮቶን በ2014 በሰርን የምርምር ማዕከል ተገናኝተው በነበሩ ሳይንቲስቶች የተመሠረተ የስዊዘርላንድ አገልግሎት ነው። ቱታ፣ ቀድሞ ቱታኖታ ይባል የነበረው፣ የጀርመን ሐኖቨር ከተማ ድርጅት ነው። ሁለቱም ደብዳቤውን በራስዎ የይለፍ ቃል በሚከፈት ቁልፍ ስለሚመሰጥሩት ድርጅቶቹ በማከማቻቸው ያለውን ይዘት ማንበብ አይችሉም። ሆኖም ሦስት ገደቦች አሉ፤ እነዚህን ሳያውቁ መተማመን አደገኛ ነው።

የመጀመሪያው፣ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ጂሜይል ተጠቃሚ ከሆነ አንዱ ቅጂ በጉግል ማከማቻ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ይቀመጣል። ሁለቱም አገልግሎቶች ለውጭ ተቀባይ በይለፍ ቃል የሚከፈት ደብዳቤ መላክ ያስችላሉ፤ የይለፍ ቃሉን ግን በዚያው ኢሜይል ሳይሆን በስልክ መንገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ማን ለማን፣ መቼ እንደጻፈ የሚያሳየው መረጃ አይሰወርም። በፕሮቶን የደብዳቤው ርእስም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም፣ ቱታ ግን ርእሱንም ይመሰጥራል። ስለዚህ በፕሮቶን ርእስ መስመር ላይ የሕመምተኛ ስም ወይም የፓስፖርት ቁጥር አይጻፍም። ሦስተኛው፣ ምስጠራ ከሕግ ውጭ አያደርግም። በ2021 ፕሮቶን ከፈረንሳይ በተነሳ ጥያቄ መነሻነት የስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ሲያዙት የአንድን የአየር ንብረት ተሟጋች የኢንተርኔት አድራሻ መዝግቦ አስረክቧል፤ የደብዳቤዎቹን ይዘት ግን መስጠት አልቻለም፣ ቁልፉ በእጁ ስላልነበረ።

በእኔ ግምት የእነዚህ አገልግሎቶች ትልቁ ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን ኃላፊነት ነው። የይለፍ ቃል የረሳ የጂሜይል ተጠቃሚ በስልክ ቁጥሩ ተመልሶ ይገባል፣ የቆዩ ደብዳቤዎቹንም ያገኛል። በፕሮቶን የይለፍ ቃሉን በስልክ ወይም በሌላ ኢሜይል ቢያስቀይሩ እንኳ የመልሶ ማግኛ ቃላትዎን ካላስቀመጡ የቆዩ ደብዳቤዎች ተቆልፈው ይቀራሉ። በቱታ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ተረስቶ የመልሶ ማግኛ ኮዱም ከጠፋ አካውንቱ በሙሉ ይጠፋል። ይህን ኮድ በወረቀት ጽፎ የማኖር ልማድ ለሌለው ሰው ጠንካራ ምስጠራ ከሚጠብቀው ይልቅ ሊጎዳው ይችላል።

አራተኛ እርምጃ፦ ነጻ እቅዶቹን በፍላጎትዎ ልክ ይመዝኑ

ጂሜይል 15 ጊጋባይት፣ አውትሉክም ለደብዳቤ 15 ጊጋባይት ይሰጣሉ፤ አውትሉክ ግን ከ2023 ወዲህ አባሪ ፋይሎችን ከነጻው 5 ጊጋባይት የማይክሮሶፍት የደመና ማከማቻ ላይም ይቆጥራል፣ ስለዚህ ደብዳቤው ሳይሞላ አባሪው ሊያግድዎት ይችላል። የአፕል አይክላውድ 5 ጊጋባይት ብቻ ሰጥቶ የስልኩን ባክአፕም በዚያው ውስጥ ያስቀምጣል። ፕሮቶን በነጻ ከ500 ሜጋባይት ጀምሮ እስከ 1 ጊጋባይት ይሰጣል፣ በቀን የሚላከውንም በ150 ደብዳቤ ይወስናል። ቱታ 1 ጊጋባይት ይሰጣል።

ከቦታው ባልተናነሰ ሊታይ የሚገባው ሳይከፈት የቆየ ሳጥን ዕጣ ነው። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ይሰርዛል፣ ይህንንም በ2023 ታኅሣሥ መተግበር ጀምሯል። ያሁና ፕሮቶን 12 ወር፣ ቱታ 6 ወር ብቻ ይታገሣሉ። «ለአስፈላጊ ቀን» ብሎ ነጻ የቱታ ሳጥን ከፍቶ የተወ ሰው በሚፈልገው ቀን ላያገኘው ይችላል።

አምስተኛ እርምጃ፦ በየዓመቱ መክፈል እንደሚችሉ ያረጋግጡ

የሚከፈልበት የፕሮቶን መነሻ እቅድ 15 ጊጋባይት ሲሰጥ ለዓመት ሲከፈል በወር 4 ዶላር አካባቢ ይወጣል፤ የቱታ መነሻ እቅድ 20 ጊጋባይት በወር 3 ዩሮ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ዋናው ችግር የክፍያው መንገድ ነው። በብር ብቻ የሚሠራ ካርድ አያገለግልም፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ያው 4 ዶላር በብር ሲታሰብ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ብዙ ሰው በውጭ አገር ያለ ወንድሙን ወይም እህቱን ያስከፍላል፤ ይህ ያለ ችግር ይሠራል፣ ግን አካውንቱን ራስዎ ይክፈቱ፣ የመልሶ ማግኛ ስልኩም የእርስዎ ይሁን፣ ዘመድዎ ካርዱን ብቻ ያስገባ። የጉግል ዋንን ቦታ እስከ አምስት ለሚደርሱ ሌሎች የቤተሰብ አባላት ማጋራት ይቻላል፤ ሆኖም የቡድኑ አባላት በአንድ አገር የሚኖሩ መሆን ስላለባቸው ሚኒሶታ ያለች እህት አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ በዚህ መንገድ ልታካፍለው አትችልም።

ክፍያው ቢቋረጥስ? የጉግል ዋን ቦታ ሲያበቃ ፋይሎቹ ወዲያው አይጠፉም፤ ከ15 ጊጋባይት በላይ ከሆኑ ግን ደብዳቤ መቀበል ይቆማል፣ በዚያ ሁኔታ ሁለት ዓመት ከቆየም ጉግል ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ ቀጣዩን ዓመት ለመክፈል እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በነጻው መጠን ውስጥ እንዲቆይ እመክራለሁ፤ ለዓመት ከፍሎ 60 ጊጋባይት ከሞላ በኋላ መውጫ ማጣት ከመጀመሪያው አለመግባት ይሻላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የራስዎ ዶሜይን ያስፈልግዎታል?

ለኢሜይል ገንዘብ ማውጣት ከምንም በላይ ይገባል የምለው እዚህ ላይ ነው። የራስዎ ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከ@ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው ስም፣ ሲኖርዎት አድራሻው የእርስዎ ይሆናል፤ ዛሬ ዞሆ በተባለው የኢሜይል አገልግሎት ላይ፣ ነገ ፕሮቶን ላይ ቢያደርጉት ደንበኞችዎ የሚያውቁት አድራሻ አይለወጥም። በዶት ኮም የሚያልቅ ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ሲሆን በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

በመርካቶ ወይም በሐዋሳ ያለ አስመጪ፣ የጉዞ ወኪል ወይም የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ የድርጅቱን ሥራ በአንድ የግል ጂሜይል ሲያካሂድ ማየት የተለመደ ነው። የይለፍ ቃሉን አራት ሠራተኞች ያውቁታል፤ አንዱ ሲለቅ የደንበኞቹን ደብዳቤ ሁሉ በስልኩ ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ቁጥሩ በእሱ ስም ስለሆነ ድርጅቱ ከገዛ ሳጥኑ ውጭ ይቀራል። ለድርጅት የተዘጋጀ አገልግሎት ግን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ሳጥን ሰጥቶ ባለቤቱን አስተዳዳሪ ያደርገዋል፤ ሠራተኛው ሲለቅ ሳጥኑ በአንድ ጠቅታ ይዘጋል፣ ደብዳቤዎቹም ለተተኪው ይሰጣሉ። የጉግል ወርክስፔስ መነሻ እቅድ ለአንድ ሰው 30 ጊጋባይት በወር 7 ዶላር ገደማ ሲሆን ዞሆ ሜይል ለአንድ ሰው በወር ከ1 ዶላር ይጀምራል። ዞሆ በአንዳንድ አገሮች እስከ አምስት ተጠቃሚ የሚደርስ ነጻ እቅድም አለው፤ ለእያንዳንዱ 5 ጊጋባይት ሰጥቶ በራስዎ ዶሜይን ያሠራል፣ የሚከፈተው ግን በራሱ ድረ ገጽና መተግበሪያ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል ደህንነቱን እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ፣ ክሊኒክ፣ የጥብቅና ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት የደንበኞችን ሰነድ በአራት ሰው በሚታወቅ የይለፍ ቃል ማኖሩ የጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የዶሜይን ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ ጊዜው ካለፈ ማንኛውም ሰው ሊመዘግበው ይችላል። የመዘገበው ሰው ወደ አድራሻዎ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ይቀበላል፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኮዶችንም ጭምር። ስለዚህ ዶሜይኑን በአንድ ጊዜ ለብዙ ዓመት ይክፈሉ፤ የምዝገባው አካውንት መልሶ ማግኛ አድራሻም በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይል አይሁን።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ይወስኑ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይዛወሩ

ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ ወይም በስደት ያለ ሠራተኛ ከሆኑ ነጻው ጂሜይል ወይም አውትሉክ፣ ከተጸዳና በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከተጠበቀ፣ ይበቃዎታል። የሚከፍሉትም ነገር የለም። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ ወይም የሌሎችን ምስጢር የሚይዝ ሰው ከሆኑ የዕለት ተዕለቱን ሳጥን ትተው ለዚያ ሥራ ብቻ የፕሮቶን ወይም የቱታ ሳጥን ይክፈቱ፤ በነጻው ይጀምሩ፣ ሲጠብዎት ይክፈሉ። ነጋዴና ድርጅት በዶሜይን ይጀምሩ። ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ቦታ የሞላብዎት ከሆነ ከኢሜይል ክፍያ ይልቅ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙ፤ አንዴ ተከፍሎበት ለዓመታት ያገለግላል።

አዲስ ሳጥን ከከፈቱ የመጀመሪያው ሥራ የድሮውን ቅጂ ማውረድ ነው፤ ጉግል ለዚህ ቴክአውት የተባለ አገልግሎት አለው፣ ፋይሉ ከባድ ስለሚሆን በሞባይል ዳታ ሳይሆን በዋይፋይ ማውረድ ይሻላል። ፕሮቶን ከጂሜይል የቆዩ ደብዳቤዎችን የሚያስገባበት መሣሪያም አለው፤ ቦታው ግን እንደሚበቃ አስቀድመው ያስሉ። ቀጥሎ ከድሮው ወደ አዲሱ የሚመጣ ደብዳቤ በራሱ እንዲተላለፍ ያዝዙ። ከዚያ በመጀመሪያው እርምጃ የጻፉትን ዝርዝር አንሥተው ከባንኩ ጀምሮ አንድ በአንድ አድራሻውን ይቀይሩ፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ቢቀይሩ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ቪዛ ወይም የትምህርት ማመልከቻ በሂደት ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ አድራሻውን አይንኩ።

የድሮውን ሳጥን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ክፍት አድርገው ያቆዩት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚተላለፉልዎትን ደብዳቤዎች እየተከታተሉ የረሱትን ላኪ ሲያገኙ አዲሱን አድራሻ ይንገሩት። አካውንቱን ጨርሶ አይሰርዙት፤ አንዳንድ አገልግሎቶች የተለቀቀን አድራሻ ለሌላ ሰው የሰጡበት ጊዜ አለ፣ ያሁ በ2013 ይህን አድርጓል። በየስድስት ወሩ አንዴ ገብተው አንድ ደብዳቤ ይክፈቱ፣ የመልሶ ማግኛ ስልኩም አሁን የያዙት ቁጥር መሆኑን በዚያው ይመልከቱ።